ኢም፦ በቸነፈር ጊዜ በሯን በራሷ ስለዘጋችው ትንሽ የእንግሊዝ መንደር (የምታውቁ፣ የሄዳችሁ ተሳተፉ)

የሸፊልዷ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ አጭር ቪዲዮ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። «ሕዝቡን ቆልፎ ያስጨረሰው ቄስ» ይላል ርዕሱ። የሚያወራው ስለ ኢም ነው። እኔ የምኖረው ሸፊልድ ነው፤ ኢም ከእኛ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ናት። አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ቪዲዮውን ሳይ ተናደድኩ። እዚያ መንደር ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሟቾቹን ስም ያነበበ ሰው እንዲህ አያወራም። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ፣ የጎደለውን ሙሉበት፣ የተሳሳትኩትን አርሙኝ።

መጀመሪያ ስሟ። ሲጻፍ «ኢያም» ይመስላል፣ የአገሩ ሰው ግን «ኢም» ነው የሚላት። ደርቢሻየር ውስጥ፣ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ኮረብታማ አገር ናት። በ2011 ቆጠራ ነዋሪዋ 969 ነበር። ግራጫ የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጀርባዋ ዳገት። ድሮ የሚኖሩት በእርሻና በእርሳስ ማዕድን ቁፋሮ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ1665 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ለንደን በቸነፈር እያለቀች ነበር። ኦገስት ማብቂያ ላይ የኢም ልብስ ሰፊ አሌክሳንደር ሃድፊልድ ከለንደን ጨርቅ መጣለት። ጨርቁ እርጥበት ነበረውና ረዳቱ ጆርጅ ቪካርስ እሳት ዳር ዘርግቶ አደረቀው ይባላል። በጨርቁ ውስጥ ቁንጫ ነበር። ሴፕቴምበር 7 የቪካርስ ስም የቀብር መዝገብ ላይ ሰፈረ። ቀጥሎ የዚያው ቤት ልጅ፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ። ዓመቱ ሳያልቅ 42 ሰው ሞተ።

ብርዱ ሲበረታ በሽታው ጋብ አለ። ሙቀቱ ሲመለስ ግን አገረሸ። በጁን 1666 ሰዉ ጓዙን ጠቅልሎ ሊበተን ነበር፣ ወደ ሸፊልድ፣ ወደ ቤክዌል፣ ዘመድ ወዳለበት። ያኔ ነው የደብሩ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን ሕዝቡን ሰብስቦ «ከዚህ አንውጣ፣ በሽታውን ይዘንባቸው አንሂድ» ያለው። ሦስት ነገር ተስማሙ። ከመንደሩ ወሰን ማንም አይወጣም። ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል፣ ጸሎት ሜዳ ላይ ይሆናል። የሞተውን ሰው ቤተሰቡ እዚያው እርሻው ወይም ጓሮው ይቀብረዋል፣ ፍትሐት የለም፣ ለቀስተኛ የለም።

ሰዉ እሺ ብሎ ነው የቀረው፤ በር ላይ የቆመ ወታደር አልነበረም። ወሰኑ ላይ አጥር እንኳ አልነበረም።

ናሆም 77፦
የሸፊልዷ እግዜር ይስጥሽ። ቪዲዮውን እኔም አይቼው ዝም ብዬ አምኜ ነበር። ግን ምን ይበሉ ነበር? ማዕድን ቆፋሪ መንደር ስንት ወር ራሱን ይቀልባል?

የሸፊልዷ፦
@ናሆም 77 ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የጎረቤቶቹን ነገር ሁሉም ሰው ይረሳዋል። በአቅራቢያው ቻትስዎርዝ የሚባል ትልቅ ግቢ አለ፤ ባለቤቱ የዴቮንሻየር ኤርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ነበር። ሰዉ ከመንደሩ ካልወጣ ቀለብና መድኃኒት እንደሚልክ ቃል ገባ፣ ቃሉንም ጠበቀ። የአጎራባች መንደር ሰዎችም ዕቃ እያመጡ ወሰኑ ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፈል ልንገራችሁ። ከኢም ወደ ጎረቤቷ መንደር ስቶኒ ሚድልተን በሚወርደው የእግር መንገድ መሃል አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። ላዩ ላይ ስድስት ጉድጓዶች ተቦርቡረውበታል። ጉድጓዶቹን በአቼቶ ይሞሉና ሳንቲሙን እዚያ ውስጥ ይጥሉታል፤ አቼቶው በሽታውን ይገድላል ብለው። ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው። እጄን ከትቼ አይቻለሁ። የጉድጓዶቹ አፍ ልሙጥ ነው፣ ስንትና ስንት ዘመን ሕፃናት ጣታቸውን እየከተቱበት አልቆ። ከመንደሩ በላይ ዳገቱ ላይ ደግሞ የሞምፐሰን ምንጭ የሚባል አለ፣ እዚያ ሳንቲሙን የሚፈስ ውሃ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት።

ቀጥታ ተናጋሪ፦
ቪዲዮው አጋኗል፣ እሺ። ግን አንቺም አንዱን ነገር ዘለልሽው። ሞምፐሰን የገዛ ሁለት ልጆቹን አስቀድሞ ወደ ዮርክሻየር አስወጥቷል። ሀብታም የሆኑት ጥቂት ቤተሰቦችም ቀድመው ሄደዋል። የቀረው መሄጃ የሌለው ድሃ ነው። መሄጃ የሌለውን ሰው «ፈቅዶ ቀረ» ማለት እኔ ይከብደኛል። እኔ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ይሄን ታሪክ ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሸፊልዷ፦
@ቀጥታ ተናጋሪ ልክ ነህ፣ መጻፍ ነበረብኝ። ልጆቹን አስወጥቷል። የላካቸው መንደሩ ሳይዘጋ ነው፣ ያኔ መሄድ ያልተከለከለበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም አባት ሆነህ ስታየው እንደሚያምህ ይገባኛል። ሚስቱን ካትሪንንም ሂጂ ብሎ ለምኗት ነበር። እሷ አልሄድም አለች። በሽተኛ ስትጠይቅ ከረመችና በመጨረሻ ራሷ ያዛት፤ ኦገስት 1666 መጨረሻ ላይ ሞተች። ከመሞቷ በፊት ሁለቱ ሜዳ ላይ ሲሄዱ «አየሩ እንዴት ይጣፍጣል» አለችው ይባላል። ጣፋጭ ሽታ የቸነፈር ምልክት ነው ብለው ያምኑ ስለነበር እሱ እዚያው ላይ ደነገጠ። መቃብሯ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው።

ስለ ድሃው ያልከው ግን ልቤ ውስጥ ገብቷል። አብዛኛው ሰው በእርግጥ ሩቅ የሚሄድበት አልነበረውም። ግን ወደ ስቶኒ ሚድልተን ለመውረድ ሃብት አያስፈልግም፣ በእግር ነው። እዚያ ዘመድ ያለው ብዙ ነበር። አልወረዱም።

ጋሽ ጥላዬ፦
ልጆች ደህና ናችሁ? እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ አንድ ሰው ስሙ ሳይነሳ ማለፉ ስላላስቻለኝ ነው የምጽፈው። ቶማስ ስታንሊ። ከሞምፐሰን በፊት የኢም ሕዝብ ቄስ እሱ ነበር። ፒዩሪታን ነው፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ገና ይጥራ ከሚሉት ወገን። በ1662 መንግሥት አንድ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ይደገም፣ ያልተቀበለ ቄስ ይባረር ብሎ ሕግ አወጣ። ስታንሊ አልቀበልም ብሎ ከደብሩ ወጣ። በቦታው ዘግይቶ የመጣው ሞምፐሰን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ሕዝቡ አላወቀውም፣ ልቡም ከቀድሞው ቄስ ጋር ነበር። እስቲ አስቡት፤ አንዱ ከመንበሩ የተባረረ፣ ሌላው በእሱ ወንበር የተቀመጠ፣ በሃይማኖትም በፖለቲካም ሁለት ጎራ። ዘመኑ ደግሞ ንጉሥ የተሰየፈበት የእርስ በርስ ጦርነት ቁስሉ ገና ያልደረቀበት ነው።

ሞምፐሰን ብቻውን «አንውጣ» ቢል የሚሰማው አልነበረም። ይህን ስላወቀ ሄዶ ከስታንሊ ጋር ተነጋገረ። ሁለቱ አብረው ሕዝቡ ፊት ቆሙ። ለእኔ የኢም ታሪክ እምብርት ይህ ነው። አንዱ ቄስ ሥልጣን ነበረው፣ ሌላው የሕዝብ እምነት ነበረው፣ ሕዝቡ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ነው እሺ ያለው። ቪዲዮው «አንድ ቄስ» ሲል ግማሹን ሰው ከታሪኩ አባረረው፤ ስታንሊ ሁለተኛ ጊዜ ተባረረ ማለት ነው።

ናሆም 77፦
ጋሼ ይሄን አላውቅም ነበር። ስታንሊ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

ጋሽ ጥላዬ፦
@ናሆም 77 ከወረርሽኙ ተረፈና በ1670 ሞተ። ሞምፐሰን ግን ወደ ሌላ ደብር፣ ኢክሪንግ ወደምትባል መንደር፣ ሲዛወር ሰዉ ከኢም ነው የመጣው ብሎ ፈራው። ፍርሃቱ እስኪለቅ ከመንደሩ ውጪ ጎጆ ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ ይባላል። ሕዝቡን ከበሽታ የጠበቀ ሰው በሽታ ያመጣብናል ተብሎ ተሸሸ። እስከ 1709 ኖሯል።

በራሱ እጅ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። በኖቬምበር 1666 ሁሉም ነገር ሲያልፍ መንደራችን ጎልጎታ፣ የራስ ቅል ስፍራ ሆነች ብሎ ጽፏል። በዚያው ደብዳቤ ቁጥሩን አስቀምጧል፤ 76 ቤተሰብ ተነክቷል፣ 259 ሰው ሞቷል።

ላብራቶሪው፦
የሕክምና ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ስለ በሽታው ትንሽ ልበል። ያርሲኒያ ፔስቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አይጥ ላይ ያለ ቁንጫ ሰውን ሲነክስ ይገባል፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ንፍፊት ያወጣል፣ ትኩሳት፣ ከዚያ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ብዙው ይሞታል። ባክቴሪያው የታወቀው በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ ነው። በኢም ሰዎች ጊዜ ይሄ እስኪታወቅ ገና 228 ዓመት ይቀር ነበር። ምክንያቱን ሳያውቁ ነው መራራቅ፣ ቤት ውስጥ አለመሰብሰብ፣ ገንዘብ መንከር ያሰቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ያከራክራል። መንደሩን መዘጋቱ ውስጥ ያሉትን ጎዳ ወይስ አልጎዳም? ቁንጫና አይጥ ብቻ ከሆነ የሚያስተላልፈው፣ ከአይጡ አጠገብ ሰውን ማስቀመጥ ጉዳት አለው። ግን በ2016 የወጣ ጥናት የመንደሩን የሞት መዝገብ በቀንና በቤተሰብ አስልቶ፣ ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ነው የሚል ውጤት አገኘ። ምናልባት በሰውነት ቅማልና ቁንጫ፣ ወይም በሳል። እንደዚያ ከሆነ መቅረታቸው የአካባቢውን ሕዝብ በእርግጥ አድኗል ማለት ነው። በሽታው ከኢም ወጥቶ የአጎራባች ከተሞችን አልፈጀም።

ቀጥታ ተናጋሪ፦
@ላብራቶሪው ይሄ መልስ ረድቶኛል። ግን ቁጥሩ ስንት ከስንት ነው? 259 ከስንት ሰው?

ላብራቶሪው፦
@ቀጥታ ተናጋሪ እሱ ነው ችግሩ። ድሮ 350 ነበሩ ይባል ነበር፣ ያኔ ከአራት ሰው ሦስቱ ሞተ ማለት ነው። የግብር መዝገብ የፈተሹ ሰዎች ደግሞ ነዋሪው ወደ 700 ይጠጋል ይላሉ። በሁለተኛው እንኳ ብንሄድ ከሦስት ሰው አንዱ ያልቃል። ያ በ14 ወር ውስጥ ነው። ኦገስት 1666 ብቻውን 78 ሰው ወስዷል።

ሚሚ ሊድስ፦
እኔ የሄድኩት በ2019 ነበር፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር። ስለዚያች ሴት ጻፉልኝ እባካችሁ። ባሏንና ስድስት ልጆቿን ብቻዋን የቀበረችዋ። አስጎብኚው ሲያወራ ወጥቼ ውጪ ቆምኩ፣ መስማት አልቻልኩም። አሁን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሸፊልዷ፦
@ሚሚ ሊድስ ኤልሳቤጥ ሃንኮክ ነው ስሟ። ቤቷ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ፣ ራይሊ የሚባል እርሻ ላይ ነበር። ኦገስት 1666 መጀመሪያ ላይ በስምንት ቀን ውስጥ ባሏ ጆንና ስድስት ልጆቿ ሞቱ። የሚረዳት የለም። ሕጉ እያንዳንዱ የራሱን ይቅበር ስለሚል፣ አፏን በጨርቅ አስራ፣ የሞተውን እግሩ ላይ ጨርቅ አስራ እየጎተተች፣ ራሷ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረቻቸው። ማዶ ኮረብታው ላይ የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር ይባላል፣ ለመምጣት ፈርተው። እኔ እነሱን አልፈርድባቸውም።

ቦታው ዛሬ በክብ የድንጋይ ካብ ታጥሯል። ሜዳ መሃል ነው፣ በጎች ይግጡበታል። አንድ ትልቅ የድንጋይ መቃብርና ስድስት ሐውልቶች። ፊደሉ ሸሽቷል፣ ጎንበስ ብለሽ በጣትሽ እየተከተልሽ ነው የምታነቢው። ባለፈው ግንቦት ስሄድ ካቡ ላይ አንድ ሰው ትንሽ የሱፍ ካልሲ፣ የሕፃን፣ አስቀምጦ ነበር። ማን እንደሆነ አላውቅም። ሳልነካው ተመለስኩ።

ኤልሳቤጥ ከዚያ በኋላ ወደ ሸፊልድ ሄደች፤ የተረፈላት አንድ ትልቅ ልጅ እዚህ ሙያ ተማሪ ሆኖ ይኖር ነበር። ስለዚህ በምኖርበት ከተማ የሆነ ቦታ ዕድሜዋን ጨርሳለች ማለት ነው። አንዳንዴ ከሥራ ስወጣ ትዝ ትለኛለች።

ሚሚ ሊድስ፦
አለቀስኩ። አመሰግናለሁ የኔ እህት። ቀባሪው የነበረውስ? የሰውን ዕቃ ይወስድ ነበር የሚባለው?

የሸፊልዷ፦
@ሚሚ ሊድስ ማርሻል ሃው። መጀመሪያ ላይ ታሞ ዳነና ዳግመኛ አይዘኝም ብሎ አመነ። ቤተሰቡ ያለቀበትን ሰው እየቀበረ በዋጋው ዕቃውን ይወስዳል። አንድ ቀን ኡንዊን የሚባል ሰው ሞቷል ብሎ ጉድጓድ ቆፍሮ ሊቀብረው ሲወስደው ሰውዬው ነቅቶ ትኩስ የወተት መጠጥ ስጡኝ አለ፣ ተረፈም ይላሉ። ሃው ራሱ ሚስቱንና ልጁን አጥቷል። በሽታውን ቤቱ ያስገባው በወሰደው ዕቃ ይሆን እያለ ይጸጸት ነበር ይባላል።

ጋሽ ጥላዬ፦
እዚህ ላይ እንጠንቀቅ ልጆች። የሞምፐሰን ደብዳቤና የቀብሩ መዝገብ ማስረጃ ነው። የኡንዊን ወተትና ስለ ፍቅረኛሞቹ የሚባለው ግን ከአፍ ወደ አፍ መጥቶ ብዙው የተጻፈው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1842 የመንደሩ ተወላጅ ዊልያም ዉድ ታሪኩን ሰብስቦ አሳተመ፣ ብዙ የምንሰማው ከእሱ ነው። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የመንደር ትዝታ ዋጋ አለው። ግን «ይባላል» የሚለውን ቃል አትጣሉት፤ የሸፊልዷ አልጣለችውም፣ ደስ ብሎኛል።

ናሆም 77፦
የምን ፍቅረኛሞች?

የሸፊልዷ፦
ኤሞት ሲዳልና ሮውላንድ ቶር። እሷ ከኢም፣ እሱ ከስቶኒ ሚድልተን። መንደሩ በበሽታው ሲያዝ ሸለቆው ማዶና ማዶ ቆመው ሳይጠጋጉ ይተያዩ ነበር ይባላል። በአፕሪል 1666 መምጣት አቆመች። እሱ ግን በየቀኑ ይመጣል። መንደሩ ሲከፈት ቀድሞ ከገቡት አንዱ እሱ ነበር አሉ፣ እና ጎረቤት ነገረው። የእሷ ስም መዝገቡ ላይ አለ። ይሄ «ይባላል» ያልሆነው ክፍል ነው።

ቀጥታ ተናጋሪ፦
መንደሩ ግን ከዚህ ውጪ ሌላ ታሪክ የለውም? 360 ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ብቻ መታወቅ ለራሳቸው ለነዋሪዎቹ አይከብድም?

የሸፊልዷ፦
አለው እንጂ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ በ8ኛው መቶ ዘመን የተጠረበ የድንጋይ መስቀል ቆሟል፣ ቸነፈሩ ሲመጣ እንኳ የ900 ዓመት ዕድሜ ነበረው። ከአንገቱ በታች ካለው አንድ ክፍል ጠፍቷል፣ ስለዚህ አጠር ብሎ ነው የሚታየው። ግድግዳው ላይ የ1775 የፀሐይ ሰዓት አለ። አደባባዩ ላይ ጥፋተኛ እግሩ የሚታሰርበት ግንድ አለ። በ18ኛው መቶ ዘመን እርሳስ በብዛት ሲገኝ የደብሩ ቄስ ከማዕድኑ አስራት ይቀበል ነበርና ሀብታም ደብር ሆነ። ገጣሚዋ አና ሴዋርድ በ1742 እዚያ ተወለደች፣ አባቷ የኢም ቄስ ነበር። በኋላ ደግሞ ጫማ ፋብሪካ ነበረ።

ነዋሪዎቹስ ላልከው፣ አንዲት የሻይ ቤት ሴትዮ እንዲህ ብዬ ጠየቅኋት። «የሞቱት እኮ ቱሪስት አይደሉም፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው» አለችኝ። ቤቶቹ ፊት ለፊት አረንጓዴ ሰሌዳ ተተክሏል፤ በዚህ ቤት እገሌ፣ እገሌ፣ እገሌ በዚህ ቀን ሞቱ ይላል። ቤቶቹ ውስጥ ዛሬ ሰው ይኖራል። አበባ ተተክሎ፣ መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ደጃፍ ላይ የልጅ ብስክሌት ተደግፎ፣ አጠገቡ ያ ሰሌዳ። ከሁሉ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። እኛ ስንሄድ አንዲት አሮጊት ሰሌዳውን በጨርቅ እየወለወለች ነበር፣ ልክ መስኮቷን እንደምትወለውል።

ጋሽ ጥላዬ፦
መሄድ የምፈልገው መቼ ቢሆን ይሻላል? እግሬ እንደ ድሮ አይደለም።

የሸፊልዷ፦
ጋሼ፣ የኦገስት የመጨረሻው እሁድ ይምጡ። ፕለግ ሰንዴይ፣ የቸነፈር እሁድ፣ ይሉታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስተው «ካክሌት» ወደሚባለው ሸለቆ በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ጸሎት ያደርጉበት የነበረው ቦታ ነው። የኖራ ድንጋዩ እንደ ቅስት ተቦርቡሯል፣ ቄሱ እዚያ ቆሞ ሕዝቡ በየቤተሰቡ ተራርቆ ሣሩ ላይ ይቆም ነበር። የካትሪን መቃብር ላይ የአበባ ጉንጉን ያስቀምጣሉ። በዚያው ሰሞን ምንጮቹን በአበባ ያለብሳሉ። እርጥብ ሸክላ ላይ የአበባ ቅጠል አንድ በአንድ እየለጠፉ ሥዕል ይሠራሉ፤ ቀርበው ካዩት የሥዕሉ ሰማይ ሃይድሬንጃ የሚባል አበባ ቅጠል ነው። የበግ ጥብስም አለ።

ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ሣሩ ሲርስ ያንሸራትታል። ጥሩ ጫማ ያድርጉ፣ ከዘራዎን አይርሱ። ሸፊልድ ሲደርሱ ይደውሉልኝ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያ እቀበልዎታለሁ። ወንበር ይዘው የሚወርዱ ሽማግሌዎች አሉ፣ እኔም አንድ ይዤልዎት እወርዳለሁ።

ቀጥታ ተናጋሪ፦
ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው፣ ድንጋዩን ማሳየት እፈልጋለሁ። ያንን አቼቶ የሚሞሉበትን።